ያልደረቀው ቫርኒሽ

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቤት አርባ አንድ ወንበር አለ፤ መቀመጫ ግን የለም።

እንግዳ ገብቶ «እስቲ አረፍ ልበል» ካለ፣ ጋሽ ሀብቴ ሁለት እጃቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው «እሱ ላይ አይሆንም፣ ባለቤት አለው» ይላሉ። ወደ ሁለተኛው ቢዞር «እሱም የሰው ነው»። ሦስተኛው የአንድ ዳኛ ነው፤ ዳኛው ወደ ነቀምት ከተዛወሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ይመጣሉ። አራተኛው «ዳቦ ገዝቼ ልመለስ» ብሎ የወጣ ሰው ነው። ዳቦው ገና እየተቦካ ይሆናል። እንግዳው ግራ ሲገባው ጉዳዩን ቆሞ ይናገርና ይወጣል። እሳቸው ራሳቸው የሚቀመጡት ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ነው። እሷ ብቻ የራሳቸው ናት።

ሥራቸው አሮጌ የእንጨት ዕቃ ማደስ ነው። ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ከኢፍቱ ካፌ ፊት ለፊት፣ የቫርኒሽ ሽታው አሰንዳቦ ከተማ ድረስ ሄዶ አውቶቡስ ተቀብሎ የሚመለስ ቤት ቢኖር የእሳቸው ነው። ወንበሮቹ እንዴት አርባ አንድ እንደደረሱ ለመረዳት ደግሞ የጅማን ሰው ማወቅ ይበቃል። ሰዉ የአባቱን ወንበር ለእድሳት ያመጣል። እስኪታደስ መሬት ላይ አልቀመጥ ብሎ በወረቀት የተለበጠ አዲስ ወንበር ከገበያ ይገዛል። አዲሱ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ድፎ ዳቦ ያብጣል። ሰውየው ግን ያበጠውን ታቅፎ የድሮውን ይረሳል።

«ይሽጡት እንጂ ጋሽ ሀብቴ» እንላቸዋለን፣ እኛ የኢፍቱ ካፌ ደንበኞች።

«ሰው የገዛ ወንበሩን ይረሳል እንዴ?» ይሉናል፣ እኛ የረሳን ይመስል።

የጅማን ግማሽ የሙሽራ አልጋ ያደሱት እሳቸው ናቸው። ሌላው ግማሽ ሲሰበር ወደ እሳቸው ይመጣል። የራሳቸው አልጋ ግን አንድ እግሩ ጡብ ነው፤ የሚተኙበትም ብቻቸውን ነው። ለምን እንዳላገቡ ቢጠየቁ «ልጅቷን ቅዳሜ ነይ ብያት ነበር» ይላሉና ይስቃሉ። ከዚያ መላጊያቸውን አንስተው እንጨት መላግ ይጀምራሉ። 

አባታቸው ከመንዝ መጥተው ጅማ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውም ብዕር እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። ልጅ ሀብተጊዮርጊስ የያዘውን ብዕር ሁሉ በቢላ እየጠረበ ስላስቸገረ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሊሙ ገነት ሸኩር አባ ገሮ ወደሚባሉ አናጢ ተላከ። ሸኩር ዋንዛን አሽትተው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደበቀለ፣ ማን እንደቆረጠውና ሰውየው ያን ቀን ምሳ ይብላ አይብላ ይናገሩ ነበር ይባላል። ለልጁ ያስተማሩት ግን አንድ ነገር ነው።

«ያ ሀብቴ፣ አሮጌ ዕቃ ስታድስ ቆሻሻውን አውጣ፤ ሰውየውን ግን አታውጣው። ዋላሂ፣ አጥበህ አጥበህ የማን እንደነበረ ካልታወቀ፣ አደስክ አይባልም፤ ሰረቅክ ነው የሚባለው።»

ስለዚህ ጋሽ ሀብቴ ከሚያድሱት ዕቃ ሁሉ ላይ አንዲት ቦታ ሳይነኩ ይተዋሉ። ልጅ የነከሰው የቡፌ ጠርዝ፣ ካውያ ያቃጠለው የጠረጴዛ ጥግ፣ መቁጠሪያ ተንጠልጥሎበት የተሰረጎደ የአልጋ ራስጌ። «ምስክር» ይሏታል። ሌላው እንደ መስታወት ሲያበራ፣ ምስክሯ እንደነበረች ትቀመጣለች። ያላወቀ ደንበኛ «ጋሽዬ፣ እቺን ረሷት» ካለ፣ የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጠዋል። ቆሞ።

ያለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ባለባጃጁ ጓደኛችን ዋቅጋሪ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ጠረጴዛ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። ከሩቅ ላየው የታረደ በሬ ይመስል ነበር። ከውስጥ ጃንጥላ የያዙ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሴትዮ ወረዱ።

«ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ይግቡ።»

ቀጥሎ የሆነውን ጠረጴዛ የተሸከመው ዋቅጋሪ ባያይ ኖሮ ማንም አያምንም ነበር። ጋሽ ሀብቴ የዳኛውን ወንበር ጎትተው፣ በእጅጌያቸው ጠረጉና «ይቀመጡ» አሉ።

«ጋሼ፣ ዳኛው ቢመጡስ?» አለ ዋቅጋሪ።

«ይግባኝ ይበሉ!»

ሴትዮዋ ወይዘሮ አበራሽ ይባላሉ፤ አሰንዳቦ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ደበበ የሞቱባቸው። ጠረጴዛው የዋንዛ ነው፤ ገጹ ጠቁሯል፣ አንድ እግሩ ይወላገዳል። ከገጹ በስተቀኝ የብርጭቆ ቂጥ የምታህል ጥቁር ክብ አለች። ወይዘሮ አበራሽ ጣታቸውን እሷ ላይ አሳረፉ።

«ደበበ ቡና ቀማሽ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲቀምስና ሲተፋ ውሎ፣ ማታ ቤት ሲገባ የሚጠጣው ሻይ ነው። ሠላሳ ዓመት ብርጭቆውን እዚችው ላይ ነው ያስቀመጠው። ሰሃን ላይ አድርግ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ተጣልቼዋለሁ። አሁን ግን እቺን ክብ የነካ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።»

«ባይነግሩኝም አልነካትም» አሉ ጋሽ ሀብቴ፤ ስለ ምስክር ያስረዱ ጀመር። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቱን ተቀምጦ የሰማ ሰው ተገኘ።

«ሌላውን እንደ አዲስ ያድርጉልኝ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ ሲነሱ። «ልጄ ሶሲ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለችው። ነይ ነይ ትለኛለች። ጠረጴዛው ሲያልቅ እመጣለሁ ብያታለሁ። መቼ ልምጣ?»

«ቅዳሜ።»

የጅማ አናጢ ቅዳሜ ሲል የየትኛው ዓመት ቅዳሜ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሴትዮዋ ግን አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ሲባሉ ቅዳሜ መጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ። ጋሽ ሀብቴ ከፔርሙስ ሻይ ይቀዱላቸዋል፤ እሳቸውም የዳኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቫርኒሹን እንዳያበላሹ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ እያስቀመጡ ይጠጣሉ። ከዚያ ቤት በፊት የሚሰማው የመላጊያ ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን ሳቅ መንገድ ተሻግሮ ካፌያችን ይገባ ጀመር። መጀመሪያ ሬዲዮ የገዙ መስሎን ነበር።

ጠረጴዛው በሦስት ሳምንት አለቀ። አብረቀረቀ። ኢፍቱ ልታየው ገብታ ተመልሳ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ኢፍቱ የካፌው ባለቤት ናት፤ ምላሷ ከቡና ማሽኗ ይልቅ ይሞቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ክፍት ስለነበር ይሄን ሰማን።

«ዛሬስ?» አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

«አልደረቀም።»

«ባለፈው ቅዳሜም አልደረቀም ብለውኛል።»

«ዝናቡ ነው እትዬ አበራሽ። የጅማ ዝናብ አሥራ ሦስቱንም ወር ነው የሚዘንበው።»

«ዛሬ እኮ ፀሐይ ነው! ይሄን ጃንጥላ የያዝኩት ለፀሐይ ነው።»

«ሌሊት ዘንቧል።»

«እኔ ቤት አልዘነበም።»

«እዚህ ጣሪያ ላይ ብቻ ነው የዘነበው።»

ወይዘሮ አበራሽ ሳቁና ተቀመጡ። ሻይ ተቀዳ።

ውሸቱን እውነት ለማስመሰል ጋሽ ሀብቴ መሥራት ነበረባቸው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ይሰማል፤ ያለቀውን ጠረጴዛ መልሰው ይፍቃሉ። ሰኞ ይቀባሉ። ዓርብ ይፍቃሉ። ሲፍቁ ምስክሯን በጣሳ ክዳን ይሸፍኗታል፤ ቅዳሜ ደግሞ «አቧራ እንዳይነካው» ብለው ጠረጴዛውን ጨርቅ ያለብሱታል።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ያ ጠረጴዛ አላለቀም እንዴ?» አለቻቸው ኢፍቱ አንድ ቀን በመስኮት።

«ሥራ አለው።»

«የምን ሥራ? ትናንት ሊፕስቲኬን በሱ አይቼ ነው ያስተካከልኩት፣ ዋላሂ!»

«ኢፍቱ፣ ማሽንሽ ገነፈለ፣ ሂጂ።»

ማሽኗ አልገነፈለም። ግን ሄደች። እኛም ዝም አልን፤ የጅማ ካፌ ዝም አለ ማለት ጊቤ ወደ ኋላ ፈሰሰ እንደማለት ነው። ጠረጴዛው ካለቀ ሴትዮዋ እንደሚሄዱ፣ ከሄዱም ጋሽ ሀብቴ ወደ አርባ አንዱ ወንበር እንደሚመለሱ ሁላችንም ገብቶናል።

ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ። ጥር ገባ። ሶሲ በየቀኑ ትደውላለች አሉ፤ «እማዬ፣ ጠረጴዛ ነው ወይስ ድልድይ ነው የሚያሠሩት?»

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ዘጠነኛው ፍቂያ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ለነገ አንድ ጨዋታ አዘጋጅተዋል፤ ሸኩር አባ ገሮ ከቤታቸው በር የሚሰፋ አልጋ ሠርተው ለማስወጣት ግድግዳ ያፈረሱበትን። ወረቀቱን እያመላለሱ ጨዋታውን ይለማመዳሉ። «ከዚያማ ምን አሉ መሰለዎት፣ እትዬ አበራሽ...» ይላሉ ለባዶው የዳኛ ወንበር። ሴትዮዋ ይስቁበታል ብለው ባሰቡት ቦታ ላይ ቆም ብለው እሳቸው ይስቃሉ። እንደገና ይፍቃሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። ስምንት ጊዜ ዙሪያዋ ሲፋቅ፣ ሳትፋቅ የቀረችው ምስክር እንደ ደሴት ከፍ ብላ ነበር። የጋሽ ሀብቴ እጅ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ የተማረ እጅ ነው፤ እብጠት ካገኘ ያስተካክላል። አፋቸው ሊሙ ገነት ግድግዳ ሲያፈርስ፣ እጃቸው ጉብታዋን አገኛት። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰጋቱራውን እፍ አሉት። ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ ሕፃን ግንባር ንጹሕ ነበር። የጣሳው ክዳን ኪሳቸው ውስጥ ነው።

መንገድ ተሻግረው ወደ ካፌው መጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሻይ አዘው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙና የሆነውን ነገሩን።

ዋቅጋሪ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «ጋሼ፣ ይሄ ቀላል ነው እኮ! ትኩስ ብርጭቆ ያስቀምጡበት። እርስዎ ይሄ ያቅትዎታል? በአሥር ደቂቃ ሌላ ደበበ ይሠራሉ!»

«አፍህን ዝጋ!» አለች ኢፍቱ።

ጋሽ ሀብቴ ግን ብርጭቆውን እንደያዙ ተነሱ። ተከትለን በሩ ላይ ቆምን። መጀመሪያ ቁራጭ ዋንዛ ላይ ሞከሩት። የሻይ ዝቃጭ፣ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ ሰም፤ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጓት። ደበበ ከመቃብር ቢነሱ «የእኔ ናት» ብለው የሚምሉባት ክብ ወጣች። ሠላሳ ዓመት በአሥር ደቂቃ። ከዚያ ብርጭቆውን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። እጃቸው ከገጹ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆመ። ከብርጭቆው የሚወጣው እንፋሎት ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። እጃቸው አልወረደም። በመጨረሻ የቀዘቀዘውን ሻይ ራሳቸው ጠጡትና ቁራጩን ሰባብረው ጣሉት። እኛም አንድ በአንድ ወደየቤታችን ሄድን።

ቅዳሜ ወይዘሮ አበራሽ ሲገቡ ኢፍቱ የቡና ማሽኑን አጠፋች። 

«እትዬ አበራሽ፣ ከመቀመጥዎ በፊት...»

«ደረቀ?»

«ደርቋል» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «ኅዳር ላይ ነው የደረቀው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ፣ ቫርኒሽ በስንት ቀን እንደሚደርቅ የማላውቅ መሰልኩዎት?»

ዋቅጋሪ በደስታ የካፌውን ጠረጴዛ ሊመታ ሲል ኢፍቱ እጁን ያዘችው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሠርግ ነበር።

«ሌላም አለ» አሉ ጋሽ ሀብቴ፤ ጨርቁን ገለጡ።

ወይዘሮ አበራሽ መነጽራቸውን አደረጉ። መዳፋቸውን በስተቀኝ በኩል አሳረፉ። ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ታች ሄዱ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው።

«የት ሄደች?»

«ፋቅኋት።»

«ለምን?»

«እርስዎ እንዲመጡ ዓርብ ዓርብ እፍቅ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ነው። ስምንቱን ሸፍኛታለሁ። ዘጠነኛው ላይ... ለዛሬ የማጫውትዎን ሳስብ ረሳኋት።»

ወይዘሮ አበራሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አንድ አህያ በመንገዱ አለፈ፤ እሱም ቀስ ብሎ።

«እያቆዩት ነው ብዬ ነበር» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። «እየፋቁት መሆኑን አላወቅኩም።»

«አዎ።»

«‹ቅዳሜ ይምጡ› ቢሉኝ አልመጣም ነበር?»

«ያለ ዕቃ?»

«አዎ፣ ያለ ዕቃ!»

ጋሽ ሀብቴ አርባ አንዱን ወንበር ተመለከቱ፤ የሚረዳቸው እንዳለ ሁሉ። «ሰው ያለ ዕቃ መጥራት... አልለመድኩም» አሉ።

ወይዘሮ አበራሽ ተቀመጡ። ሻዩ ቀድሞ ተቀድቶ ነበር፤ አነሱት፣ አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ከዚያ ሁልጊዜ መሬት ላይ የሚያስቀምጡትን ብርጭቆ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያለ፣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። ቫርኒሽ ያልተቀባ እንጨት ትኩስ ነገር ይጠጣል። ብርጭቆው ሲነሳ ከሥሩ እርጥብ ክብ ቀረች፤ ደበበ ያስቀምጡባት ከነበረችው ቦታ በአራት ጣት ወደ ግራ ፈንጠር ብላ። ወይዘሮ አበራሽ አላዩዋትም። ጋሽ ሀብቴ አይተዋል። ሳትደርቅ በጨርቅ ጠረግ ቢያደርጓት በአንድ ትንፋሽ የምትጠፋ ነገር ናት። ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሰኞ መኪና ይመጣል» አሉ ወይዘሮ አበራሽ፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ጃንጥላውን አልዘረጉትም፤ ፀሐዩ ግን የሚያናድድ ነበር።

እሑድ ጋሽ ሀብቴ ጠረጴዛውን ለመጨረሻ ጊዜ ቀቡት። ያችን የሻይ ክብ በጣሳ ክዳን ሸፍነው ዙሪያዋን ቀቡ። ክዳኑን ሦስት ጊዜ ዳስሰው አረጋገጡ።

ሰኞ አይሱዙ መጣ። ወይዘሮ አበራሽ አብረው አልነበሩም። ጫኚው ጠረጴዛውን ሲያነሳ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ እቺን ሳያዩዋት ቀርተው ነው? ልጥረጋት?»

«እንዳትነካት! ምስክር ናት።»

«የማን?»

ጋሽ ሀብቴ ገመዱን ማጥበቅ ጀመሩ። ገመዱ ጠብቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጅማ ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ጋሽ ሀብቴ ቀጠሮ ማክበር ጀመሩ። ማክሰኞ ካሉ ማክሰኞ ነው፤ ከሰዓት ካሉ ከሰዓት ነው። የከተማው አናጢዎች ሙያውን አዋረዱብን ብለው አኮረፉ። ንስሐ የገቡ የመሰላቸውም አሉ። እኛ ግን ሒሳቡ ቶሎ ነው የገባን፤ ዕቃ በሰዓቱ ከደረሰ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሲያስረክብና ሲረከብ። በመሐል የሚመላለስ፣ የሚጨቃጨቅ፣ «ዛሬስ?» የሚል ሰው የለም።

ስለዚህ ካፌው መከረ። ዋቅጋሪ ከኢፍቱ መቀመጫዎች አንዱን ደህና ዱካ መንገድ ዳር ወስዶ እግሩን ሰበረና ይዞላቸው ሄደ። ሐሳቡ ሳምንት እየተመላለስን እንድንጠይቃቸው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠግነው፣ ራሳቸው ተሸክመው፣ መንገድ ተሻግረው አመጡት። ሁለተኛ ሰበርን፤ በአርባ ደቂቃ መለሱት። ሦስተኛውን ዋቅጋሪ በባጃጅ ሄደበት፤ እሱም ማታውኑ ተመለሰ፣ ከድሮው ይልቅ ጠንክሮ።

«ኸረ ማሎ፣ ይቀመጡ! ሻይ ልስጥዎት» ትላቸዋለች ኢፍቱ።

«ሥራ አለብኝ» ይላሉ።

መጋቢት ላይ ወይዘሮ አበራሽ ደወሉ። ጋሽ ሀብቴ የእጅ ስልክ ስለሌላቸው የደወሉት ለኢፍቱ ነው። ኢፍቱ ጀበና እንደተሰበረበት ሰው ጮኸች፣ መንገዱን በሩጫ ተሻግራ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው።

«ሄሎ? ይሰማል?»

«ይሰማል! እርስዎ ጋስ?»

«ጠረጴዛው ደህና ነው። አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ሰፈሩን ሁሉ አስጨነቀ። እርስዎስ...»

መስመሩ ተቆረጠ። ጋሽ ሀብቴ ሰማያዊ መብራቱ እስኪጠፋ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ማታ ለዋቅጋሪ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳወሩ ነገሩት። ስልኩ የኢፍቱ ስለሆነ አርባ ሰከንድ እንደሆነ ኢፍቱ ታውቃለች። እሷም፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ የምታውቀውን ነገር ሳትናገር ዋለች።

መልሰው ቢደውሉላቸውስ? ቁጥሩ እኮ አለ። ኢፍቱ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታቸዋለች፤ መላጊያቸው ሥር አስቀምጠውታል። ግን ምን ብለው ይደውሉ? የተሰበረ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ዋቅጋሪ አንድ ትልቅ ቡፌ አመጣላቸው፤ የአንድ ነጋዴ ነው። ቤቱ ሞልቷል። ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ፣ ከዳኛው ወንበር ፊት ለፊት፣ ክፍት አለ። ሰጋቱራው ላይ አራት የእግር ምልክቶች እስካሁን ይታያሉ፤ ጋሽ ሀብቴ ሲጠርጉ እነሱን ዞረው ነው የሚያልፉት።

«እዚህ ላስቀምጠው ጋሼ?» አለ ዋቅጋሪ፣ ቡፌው ትከሻውን እየገነጠለው።

«እዚያ አይሆንም። ተይዟል።»

«በምን? ባዶ ነው እኮ!»

ጋሽ ሀብቴ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና የብርጭቆ ወረቀታቸውን አነሱ።

«ቫርኒሹ አልደረቀም» አሉ።